ሻፍቱ አላጠረም፦ የአሮጌዋ ላንድክሩዘር የኋላ ሥራ

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ተጀመረ። መኪናዋ ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍጄ 45 ፒካፕ ናት፤ የእ.ኤ.አ. 1978 ሞዴል። የአባቴ ነበረች። አሁን የእኔ ናት፤ ማለትም ጠዋት ጠዋት የማስነሳት ዕዳው የእኔ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ አራት ማርሽ። የድሬዳዋን ጉድጓድ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ችግሯ ከኋላ ነው። ባሌስትራዎቹ፣ ማለትም አክስሉ ላይ የታሰሩት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች፣ ዕድሜ ልካቸውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋና የሐረማያን ድንች ተሸክመው ጠፍጥፈዋል። ባዶዋን ስትቆም እንኳ ቁጢጥ ያለች ትመስላለች። አምስት ኩንታል ስጭንባት ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ይላፋል። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ለምጄዋለሁ።

ቀነ ገደብም አለኝ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። እማዬ ከአክስቶቼ ጋር ስለት ይዛ ትወጣለች። ድንኳን፣ ድስት፣ ምንጣፍ፣ ጀሪካን ውሃ። «በአውቶቡስ አልጋፋም፤ በአባትህ መኪና ነው የምንሄደው» ብላኛለች። ስድስት ሳምንት አለኝ። ባሌስትራ ለማንሳት ስድስት ሳምንት ምን ይሠራል ብዬ ነበር።

ዕቅዱ ቀላል ነው። የድሮዎቹን ቅጠሎች ማጉበጥ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቅጠል መጨመር፣ ከኋላ ባሌስትራውን ከሻንሲው የሚያንጠለጥለውን ሻክል በ4 ሴንቲ ማስረዘም። በጠቅላላው 9 ሴንቲ ያህል ከፍ እንድትል ነው የፈለግሁት። ኃይልን ከካምቢዮው በኩል ወደ ኋላው አክስል ስለሚያደርሰው ዘንግ፣ ስለ ፕሮፔለር ሻፍቱ፣ አላሰብኩም። ደብተሬ ላይ ስሙ እንኳ የለም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀመርኩ። ኅዳር ድሬ ላይ ሸጋ ነው፤ ቢሆንም ከ6 ሰዓት በኋላ ጸሐይ የነካው ብረት አይጨበጥም።

ለሥራ እንዲመቸኝ ሻፍቱን ልፍታው አልኩ። በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ቡሎን ነው። የእጅ ፍሬን ስቤያለሁ። ከሥር ተንጋልዬ ስምንተኛውን ዳዶ ስፈታ መኪናዋ ተነቃነቀች። ከዚያ መሄድ ጀመረች።

የዚህችን መኪና ጠባይ እያወቅሁ ነው የረሳሁት። የእጅ ፍሬኗ እንደ ዛሬዎቹ ጎማ ላይ አይደለም። ከትራንስፈር ኬዙ፣ የካምቢዮውን ኃይል ለፊትና ለኋላ አክስል ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ጀርባ ትንሽ ከበሮ አለች፤ ፍሬኑ የሚይዘው እሷን ነው። ከበሮዋ ደግሞ ሻፍቱን ትይዛለች፣ ሻፍቱ ጎማውን። ሻፍቱ ከተፈታ የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ማርሽ ውስጥ መሆኗም አይረዳም።

ግቢያችን ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። እኔ በሁለቱ ጎማዎች መሃል ቀጥ ብዬ ተኝቼ መኪናዋ በላዬ አለፈች። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሄዳ የእማዬን ሙቀጫ ሰነጠቀችና ቆመች። እማዬ ወጥታ ያየችው ሙቀጫውን ነው። «የእናቴ ሙቀጫ!» አለች። እኔን ያስታወሰችኝ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ በአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ ሳላስገባ ሻፍት አልነካም። ሙቀጫው በሽቦ ታስሯል።

ኅዳር 9 እስከ 13

የባሌስትራ ሥራ። ብዙ የሚጻፍ የለውም። ሠራተኛው ቅጠሎቹን ሳያሞቅ፣ በቀዝቃዛው በመዶሻ እያጎበጠ ነው የሠራው። ይሄን አጥብቄ ነው የለመንኩት። እሳት ውስጥ ገብቶ ቀይ የሆነ ቅጠል እንደገና በወጉ ካልጠነከረ ሁለት ወር ሳይሞላው ይዘረጋል። የተጨመሩት ቅጠሎች ከተጣለ አይሱዙ የተቆረጡ ናቸው። ጉብጠቱ ከ2 ሴንቲ ወደ 9 ሴንቲ መጣ። ዩ ቦልቶቹን አዲስ ገዛሁ፤ አንዴ ተወጥሮ የተፈታ ዩ ቦልት መልሼ አላስርም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሁሉም ገጠመ። ሻንሲውን በክሪክ አንስቼ፣ ሁለት ጉማጅ ግንድ ላይ አሳርፌ፣ አክስሉን ባሌስትራው ላይ አሰርኩ። ከዚያ ሻፍቱን ልመልስ ስል አልደርስ አለ። ስፕላይኑን፣ ማለትም ሻፍቱ እንዲረዝምና እንዲያጥር የሚንሸራተተውን ጥርሳም መገጣጠሚያ፣ ስቤ ስቤ ሲደርስ፣ የሚገባው ክፍል ጫፉ ላይ ብቻ ቀረ። ከድሮው ምልክት ሁለት ሴንቲ ያህል ወጥቷል። እጄን ብለቀው የሚወልቅ ይመስላል።

ጎረቤታችን አጎንብሶ አየና «አጥሯል አቦ! ቆርጠህ ማስቀጠል ነው» አለ። ሌላውም መጥቶ አጎነበሰ። እሱም አጥሯል አለ። ሦስተኛው ሳያጎነብስ አጥሯል አለ።

ሰኞ ሻፍቱን ቶርኖ ቤት እወስዳለሁ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ቶርኖ ቤቱ ከባቡር ጣቢያው፣ ከለገሀሬ፣ በታች ነው። ባለቤቱን ሁሉም አባባ ነው የሚላቸው። ሙያውን የተማሩት በድሮው የባቡር ወርክሾፕ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም አብራው ነው የተቆረቆረችው። ድሬ ብረት የሚገባው ሰው የማታጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ሻፍቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገባሁ።

«አባባ፣ ይህችን በአራት ሴንቲ ያስረዝሙልኛል?»

ሻፍቱን አላዩትም። እኔን አዩኝ።

«ስትለካ መኪናዋ ቆማ ነው ወይስ ተንጠልጥላ?»

«ግንድ ላይ ናት።»

«ጎማው መሬት ነክቷል?»

«አልነካም።»

«እንግዲያው ምኑን ነው የለካኸው? ሂድ አውርዳት። ጎማ ይግባላት፣ ትቁም፣ ነቅንቃት፣ ከዚያ ለካ። ስትቆም ካጠረ እኔ አለሁ። የቆረጥኩትን ሻፍት ግን መልሰህ እንዳታመጣብኝ።»

ሻፍቱን ተሸክሜ ተመለስኩ። ባጃጁ እንኳ ሁለት ጊዜ አስከፈለኝ፤ አንዱ ለሻፍቱ ነው አለ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አባባ ትክክል ነበሩ። በጣም ትክክል።

ጎማ አስገብቼ አወረድኳት። የኋላውን ሳንቃ ይዤ ወዘወዝኳት። ከዚያ ሻፍቱን አስገባሁ። ስፕላይኑ ከድሮው ምልክት የወጣው 3 ሚሊ ብቻ ነው። 3 ሚሊ! ሰፈሩ ሁሉ አጥሯል ያለው።

ማታ ደብተር ላይ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሁለቱ ክሮቼራ፣ በሻፍቱ ጫፎች ባሉት ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች፣ መሃል ያለው ርዝመት 1250 ሚሊ ነው። በፊት የኋላው ጫፍ ከፊተኛው 120 ሚሊ ዝቅ ይል ነበር። አሁን 210 ዝቅ ይላል። አክስሉ ቀጥ ብሎ ቢወርድ ኖሮ ሻፍቱ 12 ሚሊ ያህል መርዘም ነበረበት። ግን አክስሉ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ባሌስትራው ከፊት ጆሮው ላይ ተቸንክሯል። ሲጎብጥ ያጥራል፤ ልክ ክንድህን ስታጥፍ እጅህ ወደ ትከሻህ እንደሚቀርብ። ስለዚህ አክስሉን ወደ ፊት፣ ወደ ካምቢዮው ይጎትተዋል፤ በእኔ ስሌት 9 ሚሊ ያህል። አንዱ ያስረዝማል፣ አንዱ ያሳጥራል፣ ሂሳቡ ይጣፋል።

ጭነት ሲመጣ ደግሞ ባሌስትራው ይዘረጋና አክስሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለዚህም ነው ስፕላይኑ በሁለቱም በኩል ቦታ ሊኖረው የሚገባው። ባስረዝመው ኖሮ ግን ስፕላይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ በተጠጋ ነበር። አንድ ጥሩ ጉድጓድ ላይ ደግሞ ተጋጭቶ የትራንስፈሩን ኩሺኔታ ይገፋ ነበር።

እና ርዝመቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ተዳፋቱ ነው። ያኔ 5 ዲግሪ ተኩል ነበር፣ አሁን 9 ዲግሪ ተኩል። ይህን ጻፍኩትና ምንም አልመሰለኝም። ይገጥማል፣ ይዞራል፣ በቃ አልኩ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ጉዞ። ወደ መልካ ጀብዱ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ለሙከራ ይመቻል። ከፍታዋ አሪፍ ነው። ትልቅ ሰው መሰለች።

እስከ 45 ምንም የለም። 50 ላይ ወለሉ ማጉረምረም ጀመረ። 60 ላይ መስታወቱ ውስጥ ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ሁለት ሆነ። ጋዝ ስለቅ ጠባዩ ይለወጣል፣ አይጠፋም። ማርሹን አውጥቼ በነፃ ስለቃትም ያጉረመርማል። ስለዚህ ሞተሩ አይደለም። ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር የሚዞር ነገር ነው፤ ጎማዎቹን ደግሞ ባለፈው ወር ነው ያስተካከልኩት። የቀረው ሻፍቱ ነው።

በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሻፍቱ በደቂቃ 1640 ጊዜ ያህል ይዞራል። የእኔ ጎማ አንዴ ሲዞር 2 ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ ዲፈረንሻሏ ደግሞ ባለ 37 እና ባለ 9 ጥርስ ነው፣ 4.11። ማንኛውም የሻፍት ሕመም በዚያ ፍጥነት ሲባዛ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

ማታ አብሮ አደጌ መጣ። መኪና የሚወድ ልጅ ነው፤ የኋላ ሥራ ሠርቶ ያውቃል። አጎነበሰ፣ አየ፣ ፈረደ።

«ፒኞኑ ነው አቦ። አፍንጫው ወደ ሻፍቱ ቀና አላለም። ሽብልቅ አስገባና ወደ ላይ አቅናው፤ ትራንስፈሩን በቀጥታ ይየው።»

ፒኞን ያለው ከዲፈረንሻሉ ወደ ፊት የወጣውን፣ ሻፍቱ የሚታሰርበትን አፍንጫ ነው። አሳመነኝ። የታጠፈን ነገር ማቅናት ነውር የለውም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

አባባ ጋ ሁለት የብረት ሽብልቅ አስቀርጬ ነበር፤ ባለ 3 ዲግሪ። 10 ሴንቲ ርዝመት ላይ አንዱ ጫፍ ከሌላው በ5 ሚሊ ይወፍራል። ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። መሃል ላይ ቀዳዳ አለው፤ የባሌስትራው መሃል ቡሎን ራስ በዚያ አልፎ የአክስሉ መቀመጫ ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ አክስሉ አንድ ቀን ይንሸራተታል። ስለዚህ መሃል ቡሎኑም በረዘመ ተቀየረ።

አሰርኩት። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቀና አለ። ከጎን ሲያዩት ሻፍቱና ፒኞኑ አንድ መስመር ሆኑ ማለት ይቻላል። ያምራል።

ነዳሁት። በ40 ጀመረ! በ50 የጋቢናው በር እጀታ ይዘፍናል። ተመለስኩ። ለጓደኛዬ ስልክ አልደወልኩም፤ መጥፎ ነገር ልናገረው ስለምችል።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ዛሬ የተማርኩትን አንድ ወር ሙሉ ብማር አይቆጨኝም ነበር።

አባባ ጋ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ጥግ ላይ የተጣለ የአሮጌ ሻፍት ቁራጭ ነበር፣ ክሮቼራው ያለበት። አንዱን ጎን ሞርሳ ላይ አስረው ሌላውን ትንሽ አጠፉት። ከዚያ ሁለቱም ላይ በጠመኔ መስመር አሰመሩ።

«ቀስ ብለህ አዙር። ሁለቱን መስመር እያየህ።»

አዞርኩ። መጀመሪያ እኩል ሄዱ። ቀጥሎ ማዶ ያለው ቀደመ። ከዚያ ዘገየና የእኔ ደረሰበት። እንደገና ቀደመ፣ እንደገና ዘገየ። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ። እጄ በእኩል እያዞረ፣ ማዶው እያነከሰ ነው።

«ክሮቼራ እንደዚህ ነው» አሉ። «ከታጠፈ ያነክሳል። ለዚህ ነው ሁለት የሚደረገው። የመጀመሪያው ያነከሰውን ሁለተኛው ያቀናዋል። ግን እኩል ከታጠፉ ነው። አንተ የኋላውን ቀጥ አድርገኸው፣ የፊቱን ማን ያቅናልህ?»

ቤቴ ሄጄ በሥርዓት ለካሁ። በስልኬ የማዕዘን መለኪያ፤ ስልኩን ስላላመንኩት ደግሞ በቱምቢና በእህቴ ልጅ ፕሮትራክተር። ጎማ መሬት ላይ፣ መኪና ባዶ።

ትራንስፈሩ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ያዘቀዝቃል። ሻፍቱ 9 ተኩል። ስለዚህ የፊቱ ክሮቼራ የሚታጠፈው 6 ተኩል ነው። ፒኞኑ መኪናዋ ከፍ ከማለቷ በፊት 3 ቀና ያለ ነበር፤ ከትራንስፈሩ ጋር ትይዩ፣ ፋብሪካው እንዳወጣው። ሻክሉን ሳስረዝም የባሌስትራው ኋላ ዝቅ አለ፣ አክስሉም አብሮ ዞረ፣ አፍንጫው 5 ሆነ። የመጀመሪያው ማጉረምረም ከዚህ ነው፤ ፊቱ 6 ተኩል፣ ኋላው 4 ተኩል። እኔ ደግሞ በሽብልቅ 3 ጨምሬ 8 አደረግሁት። ኋላው 1 ተኩል ቀረ። ፊቱ ያው 6 ተኩል። በ2 ይለያዩ የነበሩትን በ5 አለያየኋቸው።

ፒኞኑን ወደ ትራንስፈሩ የማቅናት ነገር ለሌላ ዓይነት ሻፍት ነው፤ ከፊቱ ሁለት ክሮቼራ ተደርቦ የተሠራበት ለሆነ። የእኔው በየጫፉ አንድ አንድ ነው። እሱ የሚፈልገው ትይዩነት ነው፤ ታጥፎም ቢሆን እኩል መታጠፍ። ጭራሽ ቀጥ ማለትም ጥሩ አይደለም፤ ክሮቼራው ውስጥ ያሉት ትንንሽ መርፌዎች ትንሽ መሽከርከር ይፈልጋሉ፣ ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ላይ ይቦረቡራሉ።

ጓደኛዬ ያየው ሻፍት ያኛው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ይቅር ብዬዋለሁ።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

መፍትሔው ያሳፍራል። አዲስ ነገር አልገዛሁም። ያንኑ ሽብልቅ የፊቱን ወደ ኋላ አዞርኩት።

ከ5 ላይ 3 ተቀነሰ፤ አፍንጫው 2 ሆነ። የኋላው ክሮቼራ 7 ተኩል፣ የፊቱ 6 ተኩል። አንድ ዲግሪ ይለያያሉ፤ ሆን ብዬ ነው። ባሌስትራ ያለው አክስል ጋዝ ሲረገጥ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል። ባዶ ሲቆም በአንድ ዲግሪ ዝቅ ያለው፣ ሲጎትት ወደ ትይዩው ይመጣል።

ሻፍቱን ስመልስ ሌላ ነገር አየሁ። ስፕላይኑን ስነቅለው በቀለም ምልክት አድርጌበት ነበር። የእህቴ ልጅ ሊረዳኝ ብሎ በቤንዚን አጥቦ አብረቅርቆታል። የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ካልሆኑ ያ ሁሉ ዲግሪ ከንቱ ነው። ሻፍቱን ወለል ላይ አስተኝቼ በዓይን አስተካከልኩት፣ ከዚያ በመሮ መትቼ ምልክት አደረግሁበት። መሮ በቤንዚን አይጠፋም።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

መልካ ጀብዱ። 40 ዝም። 50 ዝም። 60 ዝም። 70 ላይ ቀጭን ድምፅ አለ፣ ግን ከዚህች መኪና 70 የሚጠይቅ ሰው ጤነኛ አይደለም። ማርሽ አውጥቼ ለቀቅኳት፤ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነው የቀረው።

ተመልሼ ከሥር ስገባ የኋላው የፍሬን ጎማ ቱቦ ሲንጠለጠል ክር እንደሚሆን አየሁ። 9 ሴንቲ ስታነሳ እሱም 9 ሴንቲ ይፈልጋል። ሻፍቱን ስል ይሄን ልረሳው ነበር። በረዘመ ቀየርኩት። ሾኮቹም አጥረው ነበር፣ እነሱም ተቀየሩ። ኪሴም አጠረ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

የጭነት ሙከራ። አምስት ኩንታል አሸዋ በጆንያ ጭኜ የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። ባሌስትራው 4 ሴንቲ ወረደ፣ ጎማውና ፓራፋንጎው አልተገናኙም። ሲጫን የሻፍቱ ተዳፋት ይቀንሳል፤ ሁለቱም ክሮቼራዎች ቀለል ይላቸዋል። በሁለተኛ ማርሽ፣ ጠምዛዛው ላይ፣ ጋዝ ተረግጦ፣ ምንም። ደንገጎ አናት ላይ ሲነፍስ የድሬው ሙቀት ከልብሴ ወጣ። ሻይ ጠጥቼ ወረድኩ።

ክሮቼራዎቹን ነካሁ። ሞቅ ያሉ ናቸው፣ እጅ ያስቀምጣሉ። የፊቱ ላይ ግሪሱ በአንዱ ጎን ብቻ ነው የወጣው። ግሪስ በአራቱም ጫፍ ብቅ እስኪል ጨምሬ ተዘጋ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ቁልቢ። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሳን። ጋቢናው ውስጥ እማዬና ታላቋ አክስቴ፤ ከኋላ ሁለቱ አክስቶቼ፣ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አራት ጀሪካን ውሃና የእህቴ ልጅ። ደንገጎ ላይ ከመኪናው ብዛት የተነሳ በአንደኛ ማርሽ ነው የወጣነው። ከሻፍቱ የሰማሁት የለም። አክስቴን ግን መንገዱን ሙሉ ሰማኋት።

እማዬ ከፍ ስላለችው መኪና የተናገረችው አንድ ነገር ነው። «ለመውጣት በርጩማ ያስፈልጋል» አለች።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

አራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ። ከሥር ገባሁ። ዩ ቦልት ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት፤ ቅጠሎቹ ተኝተው ይላላል። ስምንት ዳዶ ነው። ሰባቱ አልተነቃነቁም። በግራ በኩል የኋለኛው ሩብ ዙር ሄደ።